ታላቅየውን የሚያውቅ ደም

«ሌባ! ኧረ ፔርሙሴን!»

ሽማግሌው ከአግዳሚው ወንበር ተነስተው ጮኹ። ቀጭኔ አምስት እርምጃ ርቃ ነበር። ቆመች። በእጇ ያለውን ሰማያዊ ፔርሙስ አየች። በሽማግሌው እጅ ያለውንም ሰማያዊ ፔርሙስ አየች።

ተሳስታለች።

ምልክቱ ሁሉ ልክ ነበር እኮ። ሰማያዊ ፔርሙስ፣ አለ። የግራ እጅ አውራ ጣት ላይ ነጭ ፋሻ፣ አለ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ሁለተኛ ወንበር ላይ። ጠጋ ብላ ጠይቃም ነበር።

«ይሄ አውቶቡስ ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል?»

መልሱ «ይቆማል፤ ጭንቁ መውረዱ ነው» መሆን ነበረበት። ሽማግሌው ደግሞ «መቆሙንስ ይቆማል ልጄ፤ ለኔ ጉልበት ጭንቁ መውረዱ ነው እንጂ» አሏት። ተቀራራቢ ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ እንደ ተቀራራቢ ነገር የሚገድል የለም። የራሷን ፔርሙስ አጠገባቸው አስቀምጣ የሳቸውን አንስታ ሄደች።

ተመለሰች።

«ይቅርታ አባባ፤ የኔ መስሎኝ ነው።»

«የኔ መስሎኝ! እንዲህ እየመሰላቸው ነው የሰው ቤት የሚገቡት። አምጪ ወዲህ! ሻዬ ቀዝቅዞ ካገኘሁት አለቅሽም።»

«ጣትዎን ምን አገኘው?»

«በር ነው የመታኝ። እሱንም ልትወስጂው ነው?»

ፔርሙሱን ተቀያየሩ። ቀጭኔ ከጎናቸው ተቀመጠች። እግሯ መሬት አልደረሰም። የምስጢር ስሟን ቀጭኔ ያሏትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሥሪያ ቤቷ በሕይወቱ የቀለደው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

አንድ ሰው መጣ። ንጹሕ ጃኬት ለብሷል። ሰማያዊ ፔርሙስ። አውራ ጣቱ ላይ ነጭ ፋሻ። ከሷ በስተግራ ተቀመጠ።

«ይሄ አውቶቡስ ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል?» አለችው።

«ይቆማል፤ ጭንቁ መውረዱ ነው።»

ቃል በቃል። አንዲት ፊደል አልጎደለም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አሁን አንዴ ተሳስታለች፤ አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለት ጊዜ ያያል።

እውነተኛው መልእክተኛ «አንበጣ» ይባላል። ፊቱን አታውቀውም። የሆስፒታሉ ናሙና አመላላሽ መሆኑን ግን ታውቃለች፤ የሰው ደም ከክፍል ክፍል ሲያዞር የሚውል። እንዲህ ያለ ሰው ምንም ነገር በክዳኑ አይዝም። ብልቃጥ ይሁን፣ ጠርሙስ ይሁን፣ የልጁ ጡጦም ቢሆን የሚይዘው ከሆዱ ነው። ክዳን የላላ ቀን ሞት ነው። ይሄን ማንም አያስተምራቸውም፤ እጃቸው ራሱ ይማረዋል።

ፔርሙሷን መዳፏ ላይ አቁማ ዘረጋችለት።

ሰውዬው በሁለት ጣቱ አነሳው።

በክዳኑ።

ቀጭኔ የፔርሙሱን ቂጥ ጨብጣ ያዘች። ሰውዬው ሳበ። እሷም ሳበች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሰውዬው ሌላውን እጁን ጃኬቱ ውስጥ ሰደደ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ሰውዬ ፔርሙስዎን!»

«አንተም?» አሉ ሽማግሌው ዱላቸውን እያነሱ። «ዛሬ ምን ጉድ ነው የወረደብኝ!»

ዱላው የሰውዬው አንጓ ላይ አረፈ። የሽማግሌው ፔርሙስ ከጭናቸው ወደቀና ሻዩ የሰውዬው ጫማ ላይ ፈሰሰ። የቀጭኔ ፔርሙስ ክዳን በሰውዬው እጅ ቀረ። የቀረው በቀጭኔ እጅ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ተከፍቶ ነበር።

ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሽማግሌው ያን ሰው መሃል መንገድ ድረስ ሲያባርሩት በመስኮቱ አየች። ልታመሰግናቸው ፈለገች። በዚህ ሥራ ምስጋና የለም።

*

ፔርሙሱ ውስጥ ሻይ የለም። ስድስት ገጽ ወረቀት ነው ያለው።

ለሁለት ዓመት ሰላይነቷን ደብቃ በአንድ ላቦራቶሪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዕቃ ስታጥብ ኖራለች። ላቦራቶሪው የደም መመርመሪያ የሚሠራ ኩባንያ ነው። ከተማው ውስጥ አዲስ ትኩሳት ገብቷል። የላቦራቶሪ ሰዎች «ታናሽየው» ይሉታል፤ ከሰላሳ ዓመት በፊት ከተማውን ያዳረሰው ቫይረስ ደግሞ «ታላቅየው» ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታላቅየው ሳምንት አስተኝቶ ይለቅቃል። ታናሽየው ይገድላል።

ኩባንያው አንድ ጠብታ ደም አይቶ «ይህ ሰው ታናሽየውን ድል ነስቷል፤ ከእንግዲህ አይዘውም» የሚል ምርመራ አወጣ። ላለፈ ሰው አረንጓዴ ካርድ ይሰጠዋል። አረንጓዴ ካርድ ያላቸው አስታማሚዎች ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ ያለ ከባድ መከላከያ ልብስ፣ የታናሽየው ሕሙማን ወደ ተኙበት ዝግ የሆስፒታል ዎርድ ሊገቡ ነው።

ምርመራው ስህተት ነው።

ይህን የነገራት «መነጽር» የሚሏቸው የላቦራቶሪው ባለሙያ ናቸው። ለሚስታቸው ያልነገሩትን ለዕቃ አጣቢዋ ነገሩ። ማን መሆኗን የጠረጠሩ ይመስላታል፤ አልጠየቁም።

«ፀረ እንግዳ አካል ማለት ዘበኛ ነው» አሏት ትናንት ገንዳው አጠገብ ቆመው። «ታላቅየው የገባ ጊዜ ሰውነታችን ዘበኞች አበጀ። ገሚሱ ዘበኛ የሌባውን ትከሻ ነው የሚያውቀው። ገሚሱ ጣቱን ነው። ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ትከሻቸው አንድ ነው፤ አይደል? ጣታቸው ግን ለየቅል ነው። ቫይረሱ ደግሞ በር የሚከፍተው በጣቱ ነው።»

«ትከሻ የሚያውቀው ዘበኛ ታናሽየውንም ይይዘዋላ?» አለች።

«ይይዘዋል እንጂ! ጉዱ እሱ ነው። ይይዘዋል፤ ጣቱን ግን አያስረውም። የኛ ምርመራ ደግሞ መያዙን እንጂ ማሰሩን አያይም።»

«ከዚያስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሰውነት ውስጥ ዘበኛ ያመጣውን ሁሉ የሚውጡ ትልልቅ ሕዋሳት አሉ። ታስሮ መጣ ብለው ይውጡታል። ጣቱ አልታሰረም። ሆዳቸው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይራባል። ስለዚህ ታላቅየውን የሚያውቅ ደም ከማያውቀው ደም ይብሳል። ዘበኛው ራሱ እጁን ይዞ ያስገባዋል፣ ገባሽ? አረንጓዴ ካርድ የምንሰጠው ለማን እንደሆነ ገባሽ?»

ገብቷታል። ከገባትም በላይ ነው።

ታላቅየው እሷን የያዛት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷ ስምንት ነበረች። በአንድ አልጋ ተኝተው፣ እሷ ቀድማ ተሽሏት፣ እርጥብ ጨርቅ እየጨመቀች የታናሿን ግንባር ስታቀዘቅዝ ሰነበተች። ዛሬ ታናሿ ነርስ ናት። አረንጓዴ ካርድ አላት። ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች።

ባለሙያው ወረቀቱን ሲሰጧት አንድ ነገር ብቻ ለመኗት።

«ስሜ እንዳይነሳ።»

«አይነሳም» አለች።

*

አንድ ሱቅ በር ላይ ወረደችና ስልክ ለመነች። ደወለች። የሚመራት ሰው «አጎት» ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ምልክቱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ አንበጣና አጎት።

«አቤት የኔ ልጅ» አለ።

«ሰውዬው አልመጣም» ብላ ዋሸች።

«አይዞሽ። ሽማግሌ ዱላ ይዞ ሲነሳ ማን አይደነግጥ። አሁን የት ነሽ?»

ሽማግሌ አላለችም። ዱላ አላለችም።

ስልኩን ዘጋች።

እንግዲህ ማንም የላትም። ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ከአምስት። ለታናሿ ደወለች። «እኔ ነኝ» አለቻት።

«እታለም፣ ምነው በጠዋቱ? ልብስ እየቀየርኩ ነው።»

«አትግቢ።»

«ምን?»

«ዎርዱ ውስጥ አትግቢ። ካርድሽ ልክ አይደለም። ምርመራው ያየው በልጅነታችን የያዘንን ነው። የአሁኑ ሌላ ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ታናሿ ሳቀች። ደግ ሳቅ ነበር፤ የባሰው እሱ ነው። «ማን ነገረሽ፣ ገንዳው ነው ወይስ ብርጭቆዎቹ?»

«እኔ ዕቃ አጣቢ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድነሽ?»

ቀጭኔ አፏን ከፈተች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህች ልጅ ዋሽታታለች። ትምህርቷን ትታ ገንዳ ላይ የቀረች ሰነፍ መስላ። የታናሿን ስድብ ፈገግ ብላ እየዋጠች። አሁን እውነቱን ብትናገር ውሸታም ነበርኩ ማለቷ ነው፤ ውሸታምን ደግሞ ማን ያምናል?

«የመንግሥት...» ብላ ጀመረች።

«የመንግሥት ዕቃ አጣቢ። እሺ እመቤቴ። ስሚኝ፣ እዚያ ውስጥ ዘጠና ሰው ተኝቷል፤ ውሃ የሚያቀምሰው የለም። ማታ እደውልልሻለሁ።»

ስልክ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ሁለቱም ያውቃሉ።

*

የጤና ቢሮው ሕንፃ አራት ፎቅ ነው። ዎርዱን የማስቆም ሥልጣን ያላት ኃላፊዋ ብቻ ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ። ቀጭኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች፤ ለሷ እግር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ።

አጎት ተቀምጦበታል።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ። ላብሽን ጥረጊ።»

ከላይ አንድ ሰው ወረደ። ከታች ሌላ ወጣ። የታችኛው ጫማው እርጥብ ነው። ሻይ ሻይ ይሸታል።

ተቀመጠች።

«ስንት ሰጡህ?» አለች።

«ስድብ አታብዢ። ጡረታ ስወጣ ኩባንያው አማካሪ ሊያደርገኝ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካርዱ ውሸት ነው ካልን ማን ይገባል? አንቺ ትገቢያለሽ?»

«እኔንም ታላቅየው ይዞኛል።»

«አየሽ! አንቺም አትገቢም። እነዚያ ዘጠና ሰዎች ብቻቸውን ይሙቱ? አስታማሚዎቹ አምነው ይግቡ። የተወሰኑት ይተርፋሉ።»

«እህቴ አለችበት።»

አጎት ያውቃል። ካርዷን የሰጧት ቀን ደስ አለኝ ብሎ ስልክ የደወለው እሱ ነበር።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው» አለ። «ሁለት ሰዓት እስኪሆን እንጫወት።»

አልተጫወቱም። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሰዓት አዩ። አሥራ አምስት ደቂቃ። አሥር። አንዲት ጸሐፊ ፋይል ታቅፋ አለፈች፤ «እንዴት አደራችሁ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አጎት። ባለ እርጥብ ጫማው ከቀጭኔ ጎን ተቀምጧል፤ ጃኬቱ ውስጥ ያለው ሽጉጥ ጎኗን ነካት።

ሁለት ሰዓት ሆነ።

አንድ በር የሆነ ቦታ ተዘጋ። አልሰማችውም። ግን ተዘጋ።

አጎት ፔርሙሱን ከእጇ ወሰደ፤ ወረቀቶቹን አውጥቶ አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተ።

«በቃ ሂጂ። መጮህም ትችያለሽ። አንቺን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ አላውቃትም ካልኩ ደግሞ የለሽም። ሂጂ ወደ ገንዳሽ።»

ተነሳች። ደረጃውን ወረደች። መንገድ ላይ ስትደርስ ሮጠች።

ወደ ገንዳዋ።

*

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ? ከሳህን ነው። አጎት ይህን አላሰበም፤ ለሱ ሳህን ሳህን ነው።

ባለሙያው የካርዱን ስህተት የያዙት እንዲህ ነው። ስድስት ጉድጓድ ያላት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን አለች። ወለሏ ላይ ሕያው ሕዋሳት እንደ ምንጣፍ ይነጠፋሉ። የአስታማሚው ደም ውሃ ከቫይረሱ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስበታል። ቀናት ይጠበቃል። ከዚያ ሁሉንም የሚገድል መድኃኒትና ሐምራዊ ቀለም። ዘበኛው ጣቱን ካሰረ ምንጣፉ ሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። ካላሰረ ቫይረሱ የበላው ቦታ ነጭ ቀዳዳ ነው። በዓይን ይታያል። መቁጠር ነው።

ትናንት ባለሙያው አሥራ አራቱን ሳህኖች «እጠቢያቸው» ብለው ሰጧት። ፈርተው ነበር።

አላጠበቻቸውም። በሁለት ዓመት ሳታጥብ የቀረችው ዕቃ ይኸው ነው።

ፎጣ ማድረቂያው ስር ነበሩ። በማጠቢያ ሳፋ ደረደረቻቸው። ላያቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ጣለች። ኮሪደሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይዞ ቆሟል።

«ሳህን? የምን ሳህን?» ይላል። «ቆይ፣ ዕቃ አጣቢዋን ልጠይቃት።»

አጎት ወረቀቱን አንብቧል ማለት ነው።

«እትዬ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አቤት ጌታዬ።»

«የትናንቶቹ ሳህኖች የት ናቸው?»

«የቀለሞቹ? ታጥበዋል ጌታዬ። ጣቴ እስኪላጥ።»

እጇን አሳየችው። በዚህ አልዋሸችም፤ የሁለት ዓመት መላጥ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ፎጣውን አየ። ሳፋውን አየ። በስልኩ «ታጥበዋል» አለ። ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተባለ። ፊቱ ተለወጠ።

«እስቲ ሳፋውን...»

በቆሻሻ መውረጃው ደረጃ ወረደች። ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች። የጓሮው ዘበኛ በሩን ይዟል።

«ደግሞ ሰበርሽ?» አለ ሳፋውን እያየ።

«ሰበርኩ።»

«አንቺ ያለሽበት ቤት ብርጭቆ አያረጅም። እለፊ።»

አለፈች።

*

ኃላፊዋ ሐኪም ነበረች፤ ሐኪም ነበረች ማለት ወረቀት ሳይውጣት በፊት ነው። ዕቃ አጣቢ በጓሮ ደረጃ ወጥታ ሳፋ ይዛ ስትገባባት ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ቀጭኔ አንዱን ሳህን አንስታ መስኮቱ ላይ ያዘችው።

«ይሄ ታላቅየው ነው። ሙሉ ሐምራዊ። ይሄ ታናሽየው ነው፤ ደሙ በሁለቱም የአንዲት አስታማሚ ነው።»

ሁለተኛው ሳህን ወንፊት ነው።

ኃላፊዋ አፏን ዘጋች። ሳህኑን ተቀበለች። ከጎኑ ያዘችው፤ ጥሩ ምልክት ነው። ሦስተኛውን ጠየቀች። አራተኛውን። ቆጠረች።

«ሁሉም አረንጓዴ ካርድ ያላቸው ናቸው?»

«ሁሉም።»

«የማን ሥራ ነው? የማን ጽሑፍ ነው ጎኑ ላይ ያለው?»

ቀጭኔ አምስተኛውን ሳህን አቀበለቻት።

«ስሚ፣ ባለቤት ከሌለው ነገ ኩባንያው ቀለም ደፍተው ነው ይለኛል። ስም ስጪኝ።»

ሰጠች።

ኃላፊዋ ደወለች። ባለሙያው በስልኩ «የኔ ነው» አሉ። «ያቺ ሴት አደራዬን በላች?» አላሉም። ቢሉ ይሻላት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ካርዱ ታገደ። ከቀትር በኋላ ሊገቡ የነበሩ መቶ ስልሳ ሰዎች ከበር ተመለሱ።

«የጠዋቶቹስ?» አለች ቀጭኔ።

«ሰላሳ አንድ ገብተዋል። አንዴ የገባ ሃያ አንድ ቀን አይወጣም። ሕጉን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች ኃላፊዋ። ከዚያ ሳህኖቹን ደግማ ቆጠረች።

*

ሥራው ተፈጸመ ይባላል። በመዝገብ እንደዚያ ነው የተጻፈው።

ባለሙያው ዓይናቸው ደክሟል ተብለው ተሰናበቱ። አጎት አማካሪ ሆነ። አንበጣ የት እንደገባ የጠየቀም የለም። ኩባንያው ምርመራውን አሻሽያለሁ ብሎ በሌላ ከተማ መሸጥ ጀመረ፤ የተሻሻለው የካርዱ ቀለም ነው፤ ሰማያዊ ሆኗል። ቀጭኔ የምትባል ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ እንደማያውቅ በደብዳቤ አረጋገጠ።

በዘጠነኛው ቀን የዎርዱ ወለል ጠራጊዎች ጎደሉ። መግባት የሚፈልግ አልነበረም። አንዲት አጭር ሴት በሌላ ስም ተመዘገበች። «በልጅነትሽ ያ የድሮው ትኩሳት ይዞሽ ያውቃል?» ብለው ጠየቋት፤ አሁን ለሁሉም ይጠይቃሉ። «አልያዘኝም» አለች።

ከሰላሳ አንዱ አሥራ ዘጠኙ ተኝተዋል። የሌሎች ሰባት አልጋ ባዶ ነው። ታናሿ የግድግዳው ጥግ ላይ ናት። ፊቷ ተነፋፍቷል። ቀጭኔ ከራስ እስከ እግሯ ተሸፍናለች፤ ዓይኗ እንኳ በፕላስቲክ ውስጥ ነው። አልጋው ሥር ወለወለች። ከዚያ ጨርቅ ነክራ ጨመቀችና ግንባሯ ላይ አደረገችላት።

«እታለም» አለች ታናሿ ዓይኗን ሳትከፍት።

ቀጭኔ ጨርቁን ግንባሯ ላይ አስተካከለችላት።

«ጨርቅ እንዲህ አድርቆ የሚጨምቅ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ለብርጭቆዎቹ ይቅርታ በይልኝ። ልክ ነበሩ።»

«አትናገሪ። ድካም ነው።»

«ሌሎቹስ ገቡ?»

«አልገቡም። ከአራት ሰዓት በኋላ ማንም አልገባም። መቶ ስልሳ ሰው ተርፏል።»

«ማን አስቆመው?»

ቀጭኔ ጨርቁን ገለበጠች። በዚያኛው በኩል ቀዝቀዝ ይላል።

«አንቺ ነሽ» አለች ታናሿ። አልጠየቀችም። ትንፋሽ ስትሰበስብ ደረቷ ውስጥ ውሃ ይንቀረቀራል። «እኔ ስንት ሰዓት ነበር የገባሁት?»

«ሁለት ሰዓት።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ቀድመሽኝ ታውቂያለሽ» አለች ታናሿ፤ «ከመወለድ በቀር።»